የአሽዶድ እንጀራና የጉግል ምስክሮች

አርብ ረፋድ ላይ እንጀራ ያለቀባት የአሽዶድ እናት ጉግልን አትጠይቅም። ለእህቷ ትደውላለች፣ ወይም ደረጃ ላይ ያገኘቻትን ጎረቤት ታስቆማለች። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ "የእከሊትን ውሰጂ፣ የዚያችኛዋ በጣም ይኮመጥጣል።" ቀላል ወሬ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሚዛን አለ። እናትየዋ የእህቷን ቃል ከመንገደኛ ቃል አስበልጣ ትይዛለች። እህትየውም ከምታምነው ሰው ሰምታ ነው። ሦስት የታመኑ ሰዎች የአንዷን ጋጋሪ ስም ካነሱ ነገሩ አለቀ፣ ሰንበት ሳይገባ እንጀራው ተገዝቶ ቤት ይደርሳል።

ከላይኛው ፎቅ የሚኖረው ከፈረንሳይ የመጣ ጎረቤት ግን የሚደውልላት እህት የለችውም። ሥራ ቦታ ቀምሶ ወዶታል፤ ስለዚህ ስልኩ ላይ በዕብራይስጥ "እንጀራ አሽዶድ" ብሎ ይጽፋል። አሁን ሰው መጠየቅ የጉግል ተራ ነው። ጉግል ደግሞ ቀምሶ አያውቅም። አብሲቱ በደንብ መብሰሉን፣ እርሾው መድረሱን፣ የእንጀራው ዓይን ማማሩን የሚያይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ገጹ ላይ የተጻፈውን ካነበበ በኋላ ሌሎች ገጾች ስለዚያ ገጽ ምን እንደሚሉ ያዳምጣል። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስደው፣ ስንነካው የሚከፈተው ጽሑፍ ሊንክ ነው፤ እስራኤል ውስጥ "ኪሹር" ይሉታል። ሌሎች ገጾች ወደ እኛ እንዲያመለክቱ ማድረግ ደግሞ ሊንክ ግንባታ የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። "ኪዱም አታሪም" የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን ሙያ አይቷል። ድረ ገጽን ወደፊት መግፋት ማለት ነው።

አሽዶድ ለዚህ ጨዋታ የተመቸች ከተማ ናት። ዘመናዊቷ ከተማ በ1956 በአሸዋ ክምር ላይ ተቆረቆረች፤ ወደቧ በ1965 ተከፈተ። ሰፈሮቿ "ሮቫ" እየተባሉ በዕብራይስጥ ፊደላት ይጠራሉ። ከሞሮኮ፣ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ከፈረንሳይ የመጡ ሰዎች ይኖሩባታል፤ በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም ብዙዎች እዚህ ሰፍረዋል። አንድ ሕንፃ ውስጥ አራት ቋንቋ ይነገራል። በአንዱ ቋንቋ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ዝና በሌላው አይሰማም። ስሟ በአማርኛ የገነነ ጋጋሪ በዕብራይስጥ ፍለጋ የለችም ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም።

ጉግል ምስክሮቹን እንዴት እንደሚመዝን ወደሚለው እንመለስ። ከጉግል በፊት የነበሩት መፈለጊያዎች በዋናነት ቃል ይቆጥሩ ነበር። "እንጀራ" የሚለውን ቃል አምስት መቶ ጊዜ፣ ለዚያውም በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም የጻፈ ሰው ከእውነተኛዋ ጋጋሪ ሊቀድም ይችል ነበር። በ1996 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ከሌላ አቅጣጫ መጡ። ሐሳቡ ከሳይንስ መጽሔቶች የተወሰደ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት የሚጠቅሱት ጥናት ክብደት አለው ይባላል፣ የዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫም ከ1964 ጀምሮ ይህንኑ ሲቆጥር ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ጥቅሱን በሊንክ ተኩት። ሥራውን መጀመሪያ "ባክራብ" አሉት፤ ጀርባ ማሸት እንደማለት ነው፣ ከጀርባ የሚመጡ ሊንኮችን ስለሚያይ። ስሌቱ "ፔጅራንክ" ተባለ፣ ኩባንያው በ1998 ተመሠረተ። የፈጠራ መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ነበር። ስታንፎርድ በምላሹ የጉግል አክሲዮን ወስዶ በኋላ 336 ሚሊዮን ዶላር ሸጦታል። ተማሪ ማስተማር አንዳንዴ እንዲህ ያዋጣል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን ስሌት ለማስረዳት ከአውጫጭኝ የቀረበ ነገር አላገኘሁም። የአገር ሰው ይሰበሰባል፣ ያየና የሰማ ይናገራል፣ የተከበረው ሰው ቃል ከዋዛ ፈዛዛው ቃል ይበልጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ብልሃት ተጨምሮበታል። የምስክሩ ክብር የሚለካው እሱን ራሱን ስንት የተከበሩ ሰዎች ጠቅሰውታል በሚለው ነው፤ የእነዚያም ክብር እንዲሁ። መጨረሻ የሌለው ክብ ይመስላል፣ ሒሳቡ ግን እየደጋገመ ሲሰላ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል።

ሁለተኛው ብልሃት ማካፈል ነው። አንድ ገጽ ያለውን ክብደት ለሚያመለክታቸው ሁሉ እኩል ያከፋፍላል። መጀመሪያ በታተመው ስሌት የሚተላለፈው 85 በመቶው ነው፤ የቀረው 15 በመቶ ሊንክ መከተል ሰልችቶት ወደ ሌላ ገጽ የሚዘልለውን አንባቢ ይወክላል። በምሳሌ እንየው። ክብደቱ 100 የሆነ አንድ የታወቀ ገጽ አሥር የአሽዶድ ምግብ ቤቶችን ቢጠቅስ ለእያንዳንዱ 8.5 ይደርሰዋል። ማንም የማያውቀው፣ ክብደቱ 2 የሆነ የማስታወቂያ ገጽ ደግሞ አምስት መቶ ድርጅቶችን ቢደረድር ለእያንዳንዱ 0.0034 ይሰጣል። ከታወቀው ገጽ የመጣውን አንድ ሊንክ ለማካካስ ከዚህኛው ዓይነት 2500 ያስፈልጋል። ለመጣው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሰው ዋስትናው ምን ያህል እንደሚያወጣ ፍርድ ቤት ደጅ የዋለ ያውቀዋል። የዛሬው ጉግል ከዚህ እጅግ የተወሳሰበ ነው፣ ለሕዝብ ያሳየው የነበረውን የፔጅራንክ ነጥብም በ2016 አንስቶታል። የጉግል ሰዎች ራሳቸው የሊንክ ክብደት እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። የማካፈሉ አመክንዮ ግን ዛሬም ሊንክ ለሚገዛና ለሚለምን ሰው ጥሩ መነጽር ነው።

ምስክሩ ምን ብሎ እንደመሰከረም ይታያል። ሊንኩ የተሸከመው ጽሑፍ "እዚህ ይጫኑ" ከሆነ ጉግል ብዙ አይማርም፤ "አሽዶድ ያለ የጤፍ እንጀራ መጋገሪያ" ከሆነ ይማራል። ይህን ያወቁ ሰዎች በ2003 "አሳፋሪ ውድቀት" የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ከጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ገጽ ጋር በብዛት አገናኙት፣ ሐረጉን የፈለገ ሁሉ ፕሬዚዳንቱን አገኘ። ጉግል ቀዳዳውን የደፈነው በ2007 ነው። ለእስራኤል አንባቢ የሚቀርበው ግን የ2004ቱ ታሪክ ነው። ያኔ "አይሁዳዊ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ለፈለገ ሰው ቀድሞ የሚወጣለት አይሁዳውያንን የሚሳደብ ገጽ ነበር። ብሪን ራሱ ከሞስኮ የተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን በእጅ አልነካም፣ ማብራሪያ ብቻ ለጠፈ። መልሱ የመጣው ከተራ ሰዎች ነው። ከየገጻቸው ወደ ዊኪፒዲያው መጣጥፍ ሊንክ አድርገው የስድቡን ገጽ ከላይ ገፉት። ሊንክ ግንባታ የሚለው ስም የቅጥፈት ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

ቅጥፈቱም አለ፣ በሽ በሽ ነው። ባለቤቱ የተወውን የድሮ ድረ ገጽ ስም ገዝቶ፣ የስፖርት ክለብ የነበረውን የሊንክ መሸጫ ማድረግ አንዱ ነው። የእንጀራ ሊንክ በቁማር ገጽ መካከል መወሸቅ ሌላው ነው። በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ እንዳጋለጠው፣ ትልቁ የአሜሪካ ሱቅ ጄሲ ፔኒ ከማይመለከታቸው ሺህ ገጾች ሊንክ ይጎርፍለት ነበር። ጉግል እጁን ባነሳ ምሽት ሱቁ ለአንድ የሻንጣ ዓይነት ፍለጋ ከ1ኛ ወደ 71ኛ ወረደ፤ ሁለት ሰዓት ብቻ ፈጀ። በሚያዝያ 2012 "ፔንግዊን" የተባለው ማሻሻያ መጣና ይህን ዓይነቱን ቅጣት የማሽን ሥራ አደረገው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ጉግል መጥፎውን ሊንክ በአብዛኛው ዝም ብሎ አይቆጥረውም። ለገዢው ይህ ከቅጣት የባሰ ይመስለኛል፤ የተቀጣ ሰው ቢያንስ ስህተቱን ያውቃል፣ ያልተቆጠረለት ግን በየወሩ ይከፍላል። በገንዘብ የመጣ ሊንክ ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገር ምልክት ከ2019 ጀምሮ ለብቻው አለ፤ ምልክቱ ከተደረገበት ወንጀል የለም፣ ክብደት ማስተላለፉን ግን ተስፋ አታድርጉ።

እንግዲህ የአሽዶዷ ጋጋሪ ምን ታድርግ? እንደ እሷ ላለ የሰፈር ንግድ ጉግል ሦስት ነገር እንደሚያይ በይፋ ይናገራል፤ ከተጠየቀው ጋር መገጣጠም፣ ርቀትና ዝና። ርቀቱን መለወጥ አትችልም። መገጣጠሙ ስምን፣ አድራሻን፣ ስልክና የሥራ ሰዓትን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጎ የመጻፍ ጉዳይ ነው፤ አርብ ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ ጭምር። የሊንክ ሥራ ያለው ዝናው ላይ ነው።

ቅርብ ካሉት ትጀምር። እንጀራዋን የሚወስደው ምግብ ቤት፣ ድግስ የምታቀርብበት የሠርግ አዳራሽ፣ ጤፉን የሚያመጣላት ነጋዴ ድረ ገጽ ካላቸው ስሟን ከነሊንኩ እንዲጽፉ መጠየቅ ነውር አይደለም። የካሽሩት ፈቃድ የሚሰጠው አካል የድርጅቶችን ዝርዝር በድረ ገጹ የሚያወጣ ከሆነ እዚያ መኖሯን ታረጋግጥ። እነዚህ ሁሉ ከሻይ ጋር የሚያልቁ ናቸው።

ከበድ የሚለው ሰው ሳይለመን የሚጠቅሰው ገጽ ማዘጋጀት ነው። ሁለት ይታየኛል። አንደኛው ጤፍ ነው። ግሉተን የማይስማማቸው የሴሊያክ ሕመምተኞች ጤፍን ይፈልጉታል፣ ይሁን እንጂ ገበያ ላይ ያለ እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፤ ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀላቀልበት ብዙ ነው። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምጣዱና ቡሃቃው ሌላ እህል ይነካው እንደሆነ ሳትደብቅ የጻፈች ጋጋሪ ሕመምተኞቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ገጽ ይኖራታል። ውሸት ከጻፈች ግን ሰው ታሳምማለች፣ እዚህ ላይ ጉዳዩ የጉግል አይደለም።

ሁለተኛው ስግድ ነው፣ የቤተ እስራኤል በዓል። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ይውላል፤ ከ2008 ጀምሮ በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። በየዓመቱ ያ ሰሞን ሲደርስ መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ስለ በዓሉ በዕብራይስጥ የተጻፈ ነገር ያስሳሉ። ቄሶቹ በዣንጥላ ሥር ስለሚያነቡት የሚጽፍ አይጠፋም። የበዓሉ ጾም ከተፈታ በኋላ ምን እንደሚበላ፣ ዳቦው እንዴት እንደሚጋገር ከነፎቶው፣ ከጋጋሪ እጅ የሚያገኙበት ገጽ ግን ብርቅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ያንን ገጽ ለወላጆች ቢጠቁም የሚመጣው ሊንክ ከአንድ ጥቅል የተገዛ ሊንክ ይበልጣል፤ ቀደም ብለን ያልነው ሒሳብ ነው።

በአማርኛ መጻፍስ? እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልደብቅ አልችልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምንጽፈው መዓት ነው፣ የምንጽፍበት ቦታ ግን አብዛኛው ዝግ ነው። አሽዶድ ውስጥ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የጋጋሪዋ ስልክ ቁጥርም በዋትስአፕ ይዞራል። ጉግል እዚያ አይገባም። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ሊንክም ከውጭ ለሚያይ ማሽን "አትከተል" የሚል ምልክት አለበት። አንዱ የአማርኛ ድረ ገጽ ሌላውን ሲጠቅስ ደግሞ ስሙን ጽፎ ያልፋል እንጂ ሊንኩን አያስቀምጥም፤ አንባቢ የሚያመልጥበት ይመስለዋል መሰለኝ። ስለዚህ ምስክሩ ሞልቶ ሸንጎው ባዶ ሆኗል።

በዚህ ላይ አንዱ ቃል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ፤ ሰ እና ሠ አለ። እንጀራን በላቲን ፊደል ሲጽፉት አንዱ በ"ኢ"፣ ሌላው በ"ኤ" ይጀምረዋል። ከተማዋ ራሷ ሁለት ስም አላት። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከተጠመቀ በኋላ ፊልጶስ ተገኘባት ተብሎ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈችው አዛጦን የጥንቷ አሽዶድ ናት። ማሽኑ ሁለቱን ስሞች ማገናኘት የሚችለው አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ጽፏቸው ሌላው ሲጠቅሰው ነው።

ጋጋሪዋ ይህን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ መቼ ነው የምወጣው?" ብትል በሳምንት የሚል መልስ የሚሰጣትን ሻጭ ትሽሸው። ማሽኑ አዲስ ገጽ አግኝቶ፣ ሌሎች ጠቅሰውት፣ የጠቀሱት ገጾች ደግሞ እስኪነበቡ ወራት ይወስዳል። ስግድ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ይደርሳል። የዳቦውን ፎቶ ማንሳት ያለባት በሐምሌ፣ አሽዶድ በባሕር ወበቅ በምትቀቀልበት ወቅት ነው፤ ምድጃው አጠገብ መቆም ራሱ በሚያስጨንቅበት ጊዜ።