ምን ብቻ ሳይሆን መቼ፦ የዕድሜ እርከኖችና የዕድገት ምክንያቶች በጎንደር ደጋ

መግቢያ

የሰው ልጅ ዕድገት በእርከን የሚከፈል መሆኑን ሳይንሱ ብቻ ሳይሆን ባህሉም ያውቃል። በአዘዞና በአካባቢዋ ባለው የጎንደር ደጋ ኅብረተሰብ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ሕፃን ዳዴ ይላል፣ ጡት ይጥላል፣ ከዚያም «ነፍስ ያውቃል»። ነፍስ ያወቀ ልጅ እንዲጾም ይጠበቃል፣ ጥጃና በግ ይታመንበታል። ይህ የዕድሜ ወሰን ወደ ሰባት ዓመት ይጠጋል፤ ዣን ፒያዤም ልጆች ተጨባጭ ነገሮችን በሥርዓት ማገናዘብ ይጀምሩበታል ያለው ዕድሜ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ነው። ከዚያ በኋላ ጉርምስናና ኮረዳነት፣ ጎልማሳነትና ሽምግልና ይከተላሉ።

በየእርከኑ ዕድገትን የሚወስኑት ምክንያቶች ዘወትር በዝርዝር ይቀርባሉ፤ ውርስ፣ ምግብ፣ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ትምህርትና ባህል። ዝርዝሩ ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር ይሰውራል። አንዱ ምክንያት በሁሉም እርከን እኩል አይመዝንም። ያው አንድ ጉድለት በአንዱ ዕድሜ ሲደርስ በቶሎ ያልፋል፤ በሌላው ዕድሜ ሲደርስ ዕድሜ ልክ ይከተላል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ የጊዜ ክብደት ከጎንደር ደጋና ከሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች በተገኙ ማስረጃዎች ያብራራል።

ከመወለድ በፊት

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰለሞን በተባለው የአውሮፕላን ጉዞ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አብዛኞቹ ከጎንደር አካባቢ መንደሮች ተነሥተው በአዲስ አበባ ጉዞውን ሲጠባበቁ የቆዩ ነበሩ። ከመካከላቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ይገኙ ነበር። የጉዞው ቀን በማንም እናት የእርግዝና ወር የተመረጠ ስላልነበረ፣ አንዷ በሁለተኛ ወሯ፣ ሌላዋ በስምንተኛ ወሯ ከአዲሱ አገር ደረሰች።

ቪክቶር ላቪ፣ አናሊያ ሽሎሰርና አዲ ሻኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጉዞው በኋላ በነበሩት ወራት የተወለዱትን ልጆች የትምህርት ታሪክ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ መረመሩ። ልጆቹ የወላጆቻቸው አመጣጥ ተመሳሳይ ነበር፤ የተወለዱትም ሆነ የተማሩት በአንድ አገር ነው። ዋናው ልዩነት እናታቸው እስራኤል ስትገባ ጽንሱ የነበረበት ወር ነበር። ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሳለ የተሻለ ሁኔታ ያገኙት ልጆች፣ ዘግይተው ካገኙት ይልቅ ክፍል የመድገምና ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በተለይ በሴቶች ልጆች ላይ ጎላ።

የዚህ ልዩነት አሳማኝ ምክንያት በእናቶቹ ምግብና የእርግዝና ክትትል በኩል የመጣው የአዮዲን፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ አቅርቦት ነው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን በበቂ ሁኔታ ስለማያመርት ለአንጎሉ ግንባታ በእናቱ ሆርሞን ይተማመናል፤ ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። አፈሩ በዝናብ የታጠበ ደጋ አገር በአዮዲን የደኸየ ሲሆን፣ እንቅርት የዚሁ ጉድለት የሚታይ ምልክት ነው። ሌላው የጥናቱ ግኝት ደግሞ ልዩ ትኩረት ይሻል፤ በትምህርት የበለጡት ሴቶች ልጆች በልደት ክብደት አልበለጡም። በእናት ማሕፀን ውስጥ የሚደርስ ጉድለት በሚዛን ላይ ሳይታይ ሊያልፍ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ከልደት እስከ ሦስት ዓመት

ሁለተኛው ማስረጃ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ስቴፋን ደርከንና ካትሪን ፖርተር በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ረሃቡ በበረታበት ጊዜ ከ36 ወር በታች የነበሩ ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የማጠናቀቅ ዕድላቸውም ቀንሶ አገኟቸው። በእነዚህ ዓመታት አካልም አንጎልም እጅግ ፈጥነው ስለሚያድጉ ጉድለቱ ከግንባታው ጋር አብሮ ይታነጻል።

ረሃብ ባይኖርም የዘወትር ጉድለት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶ፣ ከአማራ ክልል ሕፃናት ደግሞ 46 በመቶ የቀነጨሩ ነበሩ። ክልሉ እህል አምራች ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከአገሪቱ አማካይ መብለጡ፣ ጥያቄው የእህል ብዛት ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል። በጾም ወራት እናት ለሕፃኗ ወተትና እንቁላል ማቅረብ ሃይማኖታዊ ክልከላ ባይኖርበትም፣ የቤት ዕቃው እንዳይነካካ በሚል ሕፃኑ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚጾምበት አጋጣሚ አለ። ባህል የዕድገት ምክንያት የሚሆነው እንዲህ ባለ የጓዳ ውሳኔ በኩል ነው።

ነፍስ ከማወቅ እስከ ጉርምስና

ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ በሩ ፈጽሞ ይዘጋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አማራ ክልልን ጨምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲከታተል የቆየው ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናት፣ በሕፃንነታቸው ቀንጭረው ከነበሩት መካከል የተወሰኑት እስከ 8 ዓመታቸው ድረስ በቁመት እንዳገገሙ አሳይቷል። ያገገሙትም ቀንጭረው ከቀሩት የተሻለ የትምህርት ውጤት አስመዝግበዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ምገባ፣ የእረኝነት ሰዓት መቀነስና የመምህሩ ጥረት የባከነ ልፋት አይደለም፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን በሕፃንነት ከሚከፈለው ይከብዳል።

ጉርምስና ደግሞ እርከኖቹን መልሶ ያገናኛል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጓል። ከዚያ በፊት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ነበር። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ አካሏ ዕድገቱን ሳይጨርስ ስታረግዝ፣ የራሷ ዕድገትና የጽንሱ ዕድገት ለአንድ ገበታ ይሻማሉ። የእናት ያልተጠናቀቀ እርከን የልጅ የመጀመሪያ እርከን ጉድለት ይሆናል።

ማጠቃለያ

እነዚህ ማስረጃዎች በአንድ ላይ ሲታዩ ለአዘዞና ለመላው የጎንደር ደጋ ተግባራዊ ትርጉም አላቸው። አዘዞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት፣ ከተሜና ባላገር ጎን ለጎን የሚኖሩባት ስፍራ ናት። ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ ግን ብቻውን ልዩነቱን አያጠብም፤ እናቲቱ የምትመጣበት ሳምንት ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ከኢትዮጵያ እናቶች 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት ጠቃሚ ቢሆንም፣ የቤተ እስራኤላውያኑ ልጆች ታሪክ ዋነኛ ነው ባለው ጊዜ ላይ አይደርስም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጨው አዮዲን ደንብ ዋጋ የሚኖረውም በአዮዲን የበለጸገው ጨው ከማርገዟ አስቀድሞ በእያንዳንዷ እናት ጓዳ ሲገኝ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ የሰሜን ጎንደርን ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት በማሕፀን የነበረና በ2014 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2021 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ይገባል። መምህሩ በፊቱ የሚያየው ፊደል ለመለየት የሚቸገር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን በልጁ ስንፍና ወይም በወላጆቹ ቸልተኝነት ብቻ መፈለግ ግን ስሕተት ይሆናል። ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው መስኮት አልፏል፤ ያልተዘጋው መካከለኛው የልጅነት ዘመን ነው። ምገባና ልዩ ድጋፍ ለነርሱ ከመደበኛ ተማሪዎች ቀድሞ መታቀድ ይኖርበታል።