የቮልስ በር መስታወት አገጣጠም

የቮልስዋገን ቢትል በር፣ አዲስ አበባ «ቮልስ» የምትላት መኪና በር፣ ከፊትና ከኋላው ጠርዝ ላይ የተያያዙ ሁለት ላሜራዎች የሠሩት ጠባብ ሳጥን ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ትልቁ መስታወት፣ መስታወቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ከፊት ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስኮት ከነፍሬሟ፣ ሱፍ የለበሰው መንሸራተቻና የተለያዩ ጎማዎች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። መኪናዋ ቀለም ስትቀባ ወይም የዛገው በር በባትላሜራ ሲታደስ ሁሉም ይወጣሉ። ማውጣቱ አይከብድም። መልሶ መግጠሙ ግን ቅደም ተከተል አለው፤ አንዱ ዕቃ ከተራው ካለፈ ቀጣዩ በበሩ ቀዳዳ በኩል አይገባም፤ ቢገባም መስታወቱ ይታነቃል።

ቢትል እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሐምሌ ድረስ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ የወጣችው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ነው፤ በአጠቃላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በኢትዮጵያም ከቤተሰብ መኪናነት አልፋ የታሪክ ምስክር ሆናለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ምርቷ ይህን ያህል የበዛና የቆየ በመሆኑ ጎማዎቿና ትናንሽ ዕቃዎቿ ዛሬም በአዲስ ይመረታሉ። የሁሉም ዘመን ዕቃ ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1952 ጥቅምት ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት ስትጨመር ማንሻውም ተቀየረ፤ ቀድሞ 10 ተኩል ዙር የሚፈልገው እጀታ በ3 ተኩል ዙር መስታወቱን መዝጋት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1964 ነሐሴ ደግሞ መስኮቶቹ ሁሉ ሰፉ፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ቋሚ ዘንግም ወደ ኋላ ዘመም አለ። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ መስታወት ወይም ጎማ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የመኪናውን የሥሪት ዓመት ይዞ መሄድ አለበት፤ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማል።

ከመግጠም በፊት መታወቅ ያለበት ዋና ነገር አለ፤ የመኪና በር ውስጡ ውሃ እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ከውጭ በኩል ያለው ጠራጊ ጎማ አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ የቀረው ግን በመስታወቱና በጎማው መካከል ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። መግባቱ ችግር አይደለም። ውሃው በመስታወቱ ላይ ተንቆርቁሮ የበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ይደርስና እዚያ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይፈስሳል። ወደ ተሳፋሪው እንዳያልፍ የሚከለክለው ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ቀድሞ የሚበሰብሰው የበሩ ታችኛ ክፍል የሆነው ቀዳዳዎቹ በአቧራና በቅጠል ተደፍነው ውሃው እዚያው ስለሚቆም ነው። ከእድሳት በኋላም ያው ጥፋት ይደገማል። ባትላሜራው የበሩን ታች በስቱኮ ሲሞላና ቀለም ቀቢው ከላይ ሲረጭ ቀዳዳዎቹ አብረው ይዘጋሉ፤ በሩ ከውጭ ያምራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውስጡ ኩሬ ይሆናል። በሩ ባዶ ሳለ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መፈተሽ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ውስጥ አፍስሶ በፍጥነት መውረዱን ማየት፣ ሲደርቅም ታችኛውን ስፌት ፀረ ዝገት መቀባት የሥራው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስታወቱ ከተመለሰ በኋላ እጅ እዚያ አይደርስም።

ቀጥሎ ዕቃዎቹ ይመረመራሉ። የበሩ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሲሰበር እንደ ጠጠር ይፈረካከሳል እንጂ እንደ ቢላ አይሰነጠቅም። ሆኖም ከጠነከረ በኋላ ሊቆረጥም ሊበሳም አይችልም። ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈ መስታወት በገጠማ ወቅት ወይም በር ሲወረወር በአንድ አፍታ ሊረግፍ ይችላል። ስለዚህ ያረጀ መስታወት ከመመለሱ በፊት ጠርዙ ዙሪያውን በእጅ ጓንት ተዳስሶ መታየት አለበት። ጎማዎቹን በተመለከተ ቁጠባ አያዋጣም። የአዲስ አበባ የከፍታ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ ውሃ አይጠርግም፤ ከአቧራ ጋር ተደባልቆም መስታወቱን ይጭራል። በሩ አንዴ ከተከፈተ ጠራጊዎቹና መንሸራተቻው አዲስ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ብረቱ ግን ደህና ከሆነ የድሮው ከአዲሱ ይሻላል፤ በልኩ የተሠራው እሱ ነውና።

ማንሻው ጠንቀቅ ተብሎ መታየት አለበት። እጀታው ሲዞር ጥርስ ያለው ክብ ብረት ካቦ ይስባል፤ ካቦውም የመስታወቱን ተሸካሚ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። መስታወቱ በክብደቱ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚይዘው እጀታው ሥር ያለው ጥቅልል ሞላ ነው። ኃይሉ ከእጀታው ሲመጣ ሞላው ይላላና ያስዞራል፤ ከመስታወቱ በኩል ሲመጣ ግን ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጨናንቆ ይቆልፋል። ጉድጓድ ባለበት መንገድ ላይ ሲሄዱ ወደ ታች የሚወርድ መስታወት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከዚህ ሞላ ነው። ካቦው ላይ የተበጠሰ ክር ካለ ማንሻው መመለስ የለበትም፤ ዛሬ አንድ ክር ከተቆረጠ ነገ ካቦው ራሱ ይበጠሳል። ጤነኛ ከሆነ አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ አዲስ ቀጭን ግራሶ ይቀባል።

የመስታወቱ የታችኛ ጠርዝ የሚቀመጠው ቦይ በመሰለ ረጅም ላሜራ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ቀጭን ጎማ ይገባል። ይህ ላሜራ በመስታወቱ ላይ የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ አለው። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛባ መስታወቱ ሲነሳ አንገቱን ያዘነብላል። ስለዚህ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ከመስታወቱ ጠርዝ እስከ ላሜራው ጫፍ ያለው ርቀት ተለክቶ መጻፍ አለበት። ሲመለስ ጎማው በሳሙና ውሃ ይርሳል፤ ላሜራው ተቀምጦ እንጨት ይደረብበትና በጎማ መዶሻ በቀስታ፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይመታል። ዘይት አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ መስታወቱም ከቆይታ በኋላ ከቦዩ ይወጣል።

አሁን ገጠማው ይጀምራል። መጀመሪያ ማንሻው በበሩ ትልቅ ቀዳዳ በኩል ገብቶ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። ሱፍ የለበሰው መንሸራተቻ በኋለኛው ቋሚና በላይኛው ፍሬም ውስጥ ይገባል፤ ማዕዘኑ ላይ መታጠፍ እንጂ መጨማደድ የለበትም። የውስጥና የውጭ ጠራጊ ጎማዎችም መስታወቱ ከመግባቱ በፊት በክሊፓቸው ይያዛሉ። ብዙዎች ይህን ወደ መጨረሻ ያስተላልፋሉ፤ መስታወቱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ክሊፑን መጫን ግን ቀለም እየላጩ መታገል ነው። ከዚያ መስታወቱ ከነላሜራው ዘንበል ተደርጎ ከላይ ይገባና የበሩ ሆድ ውስጥ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይቀመጣል። ትንሿ መስኮት ከነፍሬሟና ከነቋሚ ዘንጓ ከፊት በኩል የምትገባው ከዚህ በኋላ ነው። ትልቁ መስታወት ከመግባቱ በፊት እሷ ከተገጠመች መግቢያው ይዘጋል። ፍሬሟ ተቀምጦ ብሎኑ ገና ሳይጠብቅ መስታወቱ ወደ ፊት ተገፍቶ በቋሚ ዘንጉ ቦይ ውስጥ ይያዛል፤ በመጨረሻም ከማንሻው ተሸካሚ ጋር በብሎን ይገናኛል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ቢሠራው ይሻላል፤ አንዱ መስታወቱን ይዞ ሲቆም ሌላው ከታች ብሎኑን ያስገባል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ማጥበቅ አይገባም። ሁሉም ብሎን ላላ እንዳለ እጀታው ለጊዜው ይሰካና መስታወቱ እስከ ላይ ይነሳል። ላይ ሲደርስ ከፍሬሙ ጋር ሙሉ ለሙሉ ከተቀመጠ የቋሚ ዘንጉ የላይ ብሎን ይጠብቃል። ከዚያ መስታወቱ እስከ ታች ይወርዳል፤ የዘንጉ ታችኛ ጫፍ መስታወቱን ተከትሎ ራሱ ቦታውን ያገኛል፤ ያኔ እሱም ይጠብቃል። መስታወቱ ወደ ታች ሲወርድ ከከበደ የዘንጉ ታችኛ ጫፍ ወደ ኋላ በጣም ተገፍቶ እየጨመቀው ነው፤ እየተንቀጫቀጨ ከወረደ ደግሞ ጫፉ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ሄዷል። ላይ ሲደርስ የፊቱ ማዕዘን ቀድሞ የሚነካ ከሆነ የተሸካሚው ብሎኖች ላላ ተደርገው መስታወቱ በእጅ ቀጥ ይደረጋል። የማንሻው ብሎኖች የሚጠብቁት ከሁሉም በኋላ ነው። ማስተካከያው ትክክል ሲሆን እጀታው ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ጉልበት ይዞራል። አሁንም ከበድ ካለ መንሸራተቻው ላይ ሲሊኮን ይረጫል እንጂ ዘይት አይፈስስም፤ ሱፉ ዘይት ሲጠጣ አቧራ ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱን ይፍቃል።

ጣሪያዋ በሚታጠፈው ቢትል ላይ ነገሩ ይከብዳል። በሯ ከወገብ በላይ ፍሬም ስለሌለው መስታወቱ ከጣሪያው ጎማ ጋር የሚገናኝበት ከፍታና ዝንባሌ ሁሉ ለብቻ ይስተካከላል፤ ለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል።

መስታወቱ ተስተካክሎ ልባሱ ከመመለሱ በፊት በሩ ተዘግቶ ውሃ ከላይ ይፈስስበታል። ውሃው ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ መውረድ አለበት። ከዚያ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ የበሩን የውስጥ ቀዳዳዎች ሁሉ ሸፍኖ ይለጠፋል፤ ታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ሆድ እንዲገባ ይደረጋል፤ ውጭ ከቀረ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ልባሱ ይሄዳል። ልባሱ የተሠራው ከተጨመቀ የእንጨት ክር ስለሆነ አንዴ ከረጠበ ያብጣል፤ ይጣመማል፤ ክሊፑን ነቅሎም ይወጣል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። ያበጠ ልባስ ያለው ሰው በእሱ ልክ አዲስ ሰሌዳ አስቆርጦ የድሮውን ቆዳ ሊያለብሰው ይችላል።

ክሊፖቹ ቀዳዳቸውን ማግኘታቸው በእጅ እየተዳሰሰ ልባሱ በመዳፍ ይጫናል። የበሩ መክፈቻ ይመለሳል፤ ከዚያ የመስታወቱ እጀታ ይገጠማል፤ በቆዩት ሞዴሎች በፒን፣ በኋለኞቹ ደግሞ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ሥር ባለ ቪቴ ይያዛል። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ እጀታው የሾፌሩን ጉልበት በማይነካበት አቅጣጫ ይሰካል፤ የሌላው በር እጀታም በዚያው አቅጣጫ ይገባል።