ከኮምፒዩተር መዝገብ ዕዳን ስለ መሰረዝ

የደብረ ብርሃን ነጋዴ ለአንኮበር ባለሱቆች ብርድ ልብስ በዱቤ ሲሰጥ ስማቸውን በዱቤ መዝገብ ይጽፍ፥ ዕዳው ሲከፈልም በላዩ መስመር ያሰምር ነበር። የተሰረዘው ቃል ከመስመሩ ሥር ስለሚነበብ፥ ክርክር ቢነሣ መዝገቡ ራሱ ይመሰክር ነበር።

በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሞንጎ ዲቢ የተባለ የኮምፒዩተር መዝገብ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በእርሱ ዘንድ የያንዳንዱ ደንበኛ ሒሳብ ራሱን የቻለ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨር በሚባለው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ሰነዱን ካጠፋው፥ አስቀድሞ ግልባጭ ካልተቀመጠ በቀር አይመለስም።

የማጥፊያው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። «ዲሊት ዋን» ከተሰጠው ማጣሪያ ጋር ከሚስማሙት አንዱን ብቻ ያነሣል፤ «ዲሊት ሜኒ» ግን የሚስማሙትን ሁሉ። ማጣሪያው ባዶ ቅንፍ ከሆነ ሁሉም ሰነድ ይስማማዋልና፥ የአንኮበሩም የደብረ ሲናውም ዕዳ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ማሽኑ «ይህን ሁሉ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ትንሽ ልጅ ቢታዘዝ እንኳ ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ያንኑ ማጣሪያ መጀመሪያ ለ«ፋይንድ» ሰጥቶ የሚወጡትን ስሞች ያነባል፤ ካጠፋም በኋላ የጠፉትን ቁጥር ይመለከታል። ሰነዱ እያለ ቁጥሩ ዜሮ ቢሆን፥ ብዙውን ጊዜ «ኦብጀክት አይዲ» መሆን የሚገባው መለያ እንደ ተራ ጽሑፍ ስለተሰጠ ነው።

ደግሞም የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዱን ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያቆይ ያስገድዳል። እንግዲህ የተከፈለ ዕዳ አይጠፋም፤ «ተከፍሏል» የሚል ቃልና ቀኑ ይጨመርበታል፤ ይህንም የሚፈጽመው «አፕዴት ዋን» የተባለው ትእዛዝ ነው።