እጅ፣ ዓይንና አንደበት በሥራ ቃለ መጠይቅ

የመውጫ ፈተናው ካለፈ ወዲህ ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች የሚጠይቁን ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ሆኗል። ከሁሉም የሚደጋገመው «እጅ ቢዘረጋልኝስ?» የሚለው ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። በየሥልጠናው «ከመግባቢያ 93 በመቶው ድምፅና የሰውነት ሁኔታ ነው፤ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ቁጥሩ የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት መህራቢያን በ1967 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው። ጥናቶቹ የፈተሹት ግን ነጠላ ቃላት በተለያየ ድምፅና የፊት ገጽታ ሲቀርቡ ሰው ስለ ተናጋሪው ስሜት ምን እንደሚገምት ነው። ስለ ሥራ ቅጥር አይደሉም። ስለ ሒሳብ መዝገብ ለተጠየቀ ሰው ፈገግታ መልስ አይሆነውም። የሰውነት ሁኔታ የሚጠቅመው የምታውቁት ነገር እንዳይሸፈንባችሁ ነው።

ወደ እጅ እንመለስ። ብይኑን ለኡስታዞቻችን እንተወውና፣ ተቃራኒ ፆታን ለማይጨብጡ የምንለው አለን። ጠያቂውን ቅር የሚያሰኘው አለመጨበጡ ሳይሆን ዝምታው ነው። የተዘረጋ እጅ አየር ላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ኋላ ሲሸሽ ንቀት ይመስላል። ስለዚህ ቅደሙ። የማስረጃ ማህደራችሁን በግራ ያዙ፤ በሩን እንዳለፋችሁ ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ በሚሰማ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» በሉ። በአገራችን እጅ መንሣት ለማንም እንግዳ አይደለም፤ በኮሮና ጊዜማ ስንቱ ሰው በዚሁ ነበር ሰላም የሚባባለው። ጠያቂዎቹ ወንድም ሴትም ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሰላም በሉ። ወንዶቹን ጨብጦ ሴቷን መዝለል፣ ምክንያቱን ለማታውቅ ሰው ስድብ ነው። ከቀደሟችሁ ደግሞ «ይቅርታ፣ በሃይማኖቴ ምክንያት አልጨብጥም፤ አክብሮቴ ግን ከልብ ነው» ብላችሁ በፈገግታ ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ዓይንም እንደዚሁ ነው። በታላቅ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። ጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ግን አንገት የደፋውን «አያውቀውም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ማፍጠጥ አይጠበቅባችሁም። መልሳችሁን ስትጀምሩ የጠየቃችሁን ሰው ተመልከቱ፣ መሐል ላይ ለሌሎቹም አዳርሱ፣ ስትጨርሱ ወደ ጠያቂው ተመለሱ። ለከበደው የቅንድብ መሐል ማየት ይበቃል። ኒቃብ የምትለብሱ እህቶች የፊታችሁን ሥራ ለድምፃችሁ ስጡት፦ ቀስ በሉ፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አትዋጡ፣ እያዳመጣችሁ መሆኑን ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጋችሁ አሳዩ።

በአንደበት በኩል ብዙዎቻችንን የሚጎዳን «እኛ» ማለት ነው (ይህን ጽሑፍም ያው በ«እኛ» ነው የጻፍነው)። ስለ መመረቂያ ፕሮጀክት ስንጠየቅ «አጠናን፣ ሰበሰብን፣ አቀረብን» እንላለን። መሥሪያ ቤቱ ግን ቡድኑን አይቀጥርም። «አምስት ነበርን፤ መጠይቁን ያዘጋጀሁትና መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ማለት እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ አይደለም። «ምናምን» እና «ማለት ነው» ስንት ጊዜ እንደሚያመልጣችሁ ለማወቅ «ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው የምትመልሱትን ሁለት ደቂቃ በስልካችሁ ቀድታችሁ አድምጡ። በእንግሊዝኛ ጀምራችሁ ሐሳቡ ከተቋረጠባችሁ «በአማርኛ ላብራራው?» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ከመንተባተብ በእጅጉ ይሻላል። ፈተና ስንገባ የምናደርገው የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ዱዓም ስለ አንደበት መፈታት ነውና እዚህም አትርሱት።

በመጨረሻ «የምትጠይቁን አለ?» ይሏችኋል። የጁምዓ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ማንሣትም ላያስፈልግ ይችላል። የግል ድርጅት ከሆነ ግን ሰዓቱ ይለያያል። ድምፃችሁን ሳትቀንሱ፣ ጥፋት እንዳለበት ሰውም ሳትሽኮረመሙ «ዓርብ የምሳ እረፍታችሁ ከስንት እስከ ስንት ነው? ጁምዓ ሰግጄ እመለሳለሁ፤ የሚጎድል ሰዓት ካለ ማታ አካክሳለሁ» በሉና መልሱን ጠብቁ።