የልብ ሕመምተኛና የስፖርት ዱቄት

ስፖርት መሥራት ሰውነትን እንደሚያጠነክር ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን የልብ ሕመም ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ጡንቻ ያዳብራል ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ሐኪሙን ሳይጠይቅ ቢወስድ በሕይወቱ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ከስፖርት በፊት በሚጠጣው ዱቄት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ካፌይን ይገኛል። ይህም የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። «ከዕፅ የተሠራ ነውና አይጎዳም» ማለትም ስሕተት ነው፤ ኤፌድራ የተባለው ዕፅ ለልብ አደገኛ ሆኖ ስለ ተገኘ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ባለው ዱቄትና ኪኒን ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል።

ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተተክሎለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ያለበትን ዱቄት ቢጨምር የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል፥ ደሙም በቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላል። ኤናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድም ፖታሺየም ቢጨምርበት የልቡ ምት ሊዛባ ይችላል።

ስለዚህ ሕመምተኛው ዱቄቱን ከመቅመሱ በፊት ጣሳውን ከነጽሑፉ ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ። የታዘዘለትንም መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። በስፖርት ጊዜ ደረቱን ቢወጋው ወይም ራሱን ቢያዞረው ወዲያው አቁሞ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። መምህራንም ይህን ለወጣቶች እንዲያስረዱልን በትሕትና እናሳስባለን።