ሥራና ወሬ

(ድምፅ፦ የኮንዶሚኒየም ደረጃ። የእግር ኮቴ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቆማል፤ ትንፋሽ ይሰማል፤ እንደገና ይጀምራል።)

ተራኪ፦

አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት የጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች አብዛኞቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አላቸው። ሊፍት የላቸውም። ዕጣ የደረሰው ሰው የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር እንጂ የገዛ ጉልበቱን የሚያሰላበት ፋታ የለውም። በስልሳ ዓመቱ አራተኛ ፎቅ ደርሶት፣ ጎረቤት እልል ብሎለት ይገባል። ሰባ አምስት ሲሞላው ያው ደረጃ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ የሚቀረው ገበያ ነው። ቀጥሎ ዕድር። ከዚያ የእሁድ ቅዳሴ ወይም የአርብ ጁምዓ። ልጆች ደግሞ፣ «እማዬ ምን አስወጣሽ? እኛ አለንልሽ አይደል!» ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ከልብ ስለሆነው ነገር ነው። አረጋውያንን ስለሚጥሉ ልጆች ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ ወላጆቻቸውን ስለሚያከብሩት እንነጋገር። ቤታችን ለወላጅ ክብር ብሎ ሁለት ነገር ይቀማል፤ አንዱ ሥራ፣ ሌላው ወሬ።

(ሙዚቃ፦ ክራር፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል።)

ተራኪ፦

ከሥራው እንጀምር። እናት ሰፌድ ይዘው ምስር ሊለቅሙ ሲቀመጡ ልጅ መጥታ ትቀበላቸዋለች። አባት ውኃ ሊቀዱ ሲነሱ ሦስት ሰው ይቀድማቸዋል። እንግዳ ፊት ሽማግሌ ሰው ዕቃ ሲያነሳ መታየት ለቤተሰቡ ነውር ነው። ወንበራቸው ይታወቃል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው። ምግቡ እዚያው ይመጣል፤ የእጅ ማስታጠቢያውም እዚያው። ደግ ቤት ማለት ይህ ነው ብለን ነው ያደግነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ግን ያሳስባል። ተመራማሪዎቹ ምንም ሕመም የሌለባቸውን፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎችን ለአሥር ቀን አልጋ ላይ አዋሏቸው። የሚበሉት አልተጓደለባቸውም። በአሥረኛው ቀን ሲለካ ከእግራቸው ሥጋ በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። አልጋና ሶፋ እኩል አይደሉም፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ግን በሁለቱም ይሟሟል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ይብሳል። እኛ «ዕድሜ ነው» የምንለው ድካም የተወሰነው ክፍል የመቀመጥ ውጤት ነው።

ደስ የሚለው የነገሩ ሌላ ወገን ነው። እዚያው መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ታተመ ጥናት ልንገራችሁ። ቦስተን ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማ የሆነ አሥር ደካማ ሰዎች ተመረጡ። በሐኪም ክትትል፣ ለስምንት ሳምንት፣ በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ከመካከላቸው ሁለቱ ምርኩዛቸውን ትተው መራመድ ቻሉ። በዘጠና ዓመት!

ይህን ስትሰሙ አባታችሁን ጂም ለማስመዝገብ አትሩጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ ሥራ ይመክራል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያስደነግጣል። እስቲ ወደ ቤታችን እንመልሰው።

(ድምፅ፦ ሙቀጫ። ቡና ይወቀጣል።)

ቡና የምታፈላ ሴት ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ትነሳለች፣ የተቆላውን እያዞረች ታስሸትታለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፣ ከሰል ልታመጣ ትነሳለች። ከዝቅተኛ መቀመጫ በራስ ጉልበት መነሳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለአረጋዊ ከሚያዛቸው ዋና ዋና እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ቁጠሩ። መውቀጡ ለክንድ ነው። በቀን አምስት ወቅት የሚሰግድ ሰው ይጎነበሳል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ይነሳል። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ሰዓታት ቆሞ ያሳልፋል፤ ሲደክመው መቋሚያ አለው። እነዚህን ልምዶች ያቆየን ሃይማኖትና ባህል ነው፤ ሳናስበው ግን ጉልበት አቆይተውልናል። እናትየው ቡና ማፍላቱን ለሠራተኛ የተወች ዕለት ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጉልበት ወይም ልብ የሚያም ከሆነ ሐኪም ይጠየቅ፤ ዱካው ከፍ ባለ ወንበር ይተካ። ቡናውን ማፍላቱ ግን አይቅር።

በማለዳ መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው ደረጃዎቹን የሚወጡና የሚወርዱ ሸበቶዎችን ያያል። ቱታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ አሉ። ከእርምጃው ቀጥሎ አንድ ላይ ሻይ ይጠጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚነሱት ለሻዩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ይሁን፣ እግር የሚያስነሳ ምክንያት ሁሉ ጥሩ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብርም መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ለልጆችና ለወጣቶች የተባለውን ያህል ለአያቶችም ይሆናል። ወሬ እያወሩ ለመሄድ እንኳ እንደልብ የሚረገጥ መንገድ ያስፈልጋል፤ ከተማችን ለእግረኛ ያለባትን ዕዳ ገና ከፍላ አልጨረሰችም።

መውደቅን በአጭሩ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው ወድቆ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ከስልሳ ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይኑር። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ተረከዝ የማይይዝ ነጠላ ጫማ ይቅር። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ ይበል፤ ድንገት ሲቆሙ ማዞር አለ።

(ድምፅ፦ ወጥ ይንተከተካል።)

ተራኪ፦

ግፊትን ካነሳን ሁለት ነገር እንጨምር። አንዱ «ሲነሳብኝ ነው የምወስደው» የሚለው ልማድ ነው። ግፊት ራስ ምታት ሳያስይዝ፣ ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ከ140 በ90 በላይ ሊቆይ ይችላል። ኪኒኑ ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ የታዘዘ እንጂ እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ ሲያም የሚዋጥ አይደለም። ሁለተኛው ጨው ነው። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመራል፤ አንዳንዱ ቤት የወጥ ማጣፈጫ ኩቡም አለ። ዕድሜ ሲገፋ ምላስ ጣዕም መለየት ስለሚቀንስ አባት «አልጫ ሆነብኝ» ብለው ገበታ ላይ ይነሰንሳሉ።

ጾምና መድኃኒት ደግሞ ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባ ነው፤ ብዙ አረጋውያን በዝምታ የሚታገሉበት ነውና። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ወይም ስኳር የሚያወርደውን ኪኒን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆዩ፣ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ይላቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይዘባረቃል። አንዳንዱ ቤት ይህን ሲያይ ጠበል ነው የሚያስበው፤ ቶሎ የሚያስፈልገው ስኳር ያለበት መጠጥና ሐኪም ነው። ለሐኪሙ «እጾማለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር መድኃኒቱን ወይም ሰዓቱን ለመቀየር ዕድል ይሰጠዋል። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ቀኖናዋ ሰፊ ነው፤ ቁርኣንም ለበሽተኛ ፈቅዷል። ችግሩ እናት ይህን ሳያውቁ መቅረታቸው አይደለም። በሰባ ዓመት ዕድሜ ከልጅነት የጾሙትን ጾም መተው ከባድ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የልጅ ቁጣ አይፈታውም፤ የንስሐ አባትና ሐኪም ቢነጋገሩበት ይሻላል።

አንድ ብዙ የማይነሳ ነገርም አለ። ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው። ብዙ የሚጾም ሰው ያንሰዋል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ለዓመታት ሲወሰድም ሰውነት ቢ 12 የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ እግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ፣ መርሳት ሊከተል ይችላል። ቤተሰቡ «እማማ ጃጁ» ብሎ ይቀመጣል። በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ የሚታከም ነገር ነው።

«ጃጁ» ለማለት ከመቸኮላችን በፊት ጆሯቸውንም እናስመርምር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የአእምሮ መዘንጋትን ከሚያባብሱና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች መካከል የመስማት ችግርን፣ ያልታከመ የዓይን መድከምን፣ የደም ግፊትንና ከሰው መነጠልን ዘርዝሯል። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል። የማይሰማ ሰው ጨዋታ ይሸሻል። ሲስቁ ለምን እንደሳቁ አይገባውም፣ ደጋግሞ መጠየቅ ያሳፍረዋል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ የሚነግረው ሰው ይጠፋል።

(ድምፅ፦ የቪዲዮ ጥሪ። «ሃሎ! ይታያል? ስልኩን ቀና አድርጊው እማዬ!» የሕፃን ሳቅ፤ ይቆራረጣል።)

ተራኪ፦

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ቅሚያ መጣን። ወደ ወሬ።

ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ የሚደውል ልጅ ሥራ ቢያጣ ለእናቱ አይነግርም። ትዳሩ ቢፈርስ አይነግርም። የልጅ ልጅ ቢታመም፣ «ጉንፋን ነው» ይባላል። እናትም በበኩሏ ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት መውደቋን አትነግርም። ሁለቱም «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ስልኩ ይዘጋል። ጥሪው በየሳምንቱ አለ፤ የሚያውቁት ነገር ግን ጥቂት ነው።

የባሰው መርዶ ነው። ወንድማቸው ሞቶ ስድስት ወር ያልተነገራቸው ሽማግሌ በየሰፈሩ አሉ። «ግፊት አለባቸው፣ እንዴት ይነገራቸዋል?» ይባላል። ሰው ሲገባና ሲወጣ ጨዋታ ይቋረጣል፤ ጥቁር የለበሰ ዘመድ ልብስ ቀይሮ ይገባል። እሳቸው ሞኝ አይደሉም። ወንድማቸው መደወል ማቆሙን ያውቃሉ። የሚጠይቁትም ፈርተው፣ የሚመልሱትም ፈርተው፣ ቤቱ በሹክሹክታ ይሞላል። በኋላ ሲነገራቸው ሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን ይደረባል፤ ቀብር አልቆሙም፣ ለቅሶ አልደረሱም፣ አልቃሽ ሲያለቅስ አልሰሙም። ከዕድሜ ልክ የዕድር አባል የመጨረሻው ግዴታ ተወሰደ ማለት ነው።

መርዶ በስልክ ይወርወር ማለቴ አይደለም። መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሚያከብሩት ሽማግሌ አንደበት ነው የሚነገረው፤ ልብ የሚያሰጋ ሕመም ካለ ሐኪም ተማክሮ። ያንን ወግ የሠሩት እነዚሁ አረጋውያን ናቸው። በዘመናቸው ስንት ቤት መርዶ ይዘው ሄደዋል፤ እንዴት እንደሚሸከሙት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

ክፉውን ብቻ አይደለም የምንደብቀው። የመሬት ክርክር ሲኖር፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሠርግ ሲታሰብ፣ «እሳቸውን አናስቸግር» እንላለን። ጎረቤት ሽማግሌ ይልክባቸው የነበሩ ሰው በገዛ ልጃቸው ጉዳይ ሳይጠየቁ ይውላሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ደመወዙ ብቻ አይደለም የቀነሰው፤ የሚጠይቀውም ሰው ይቀንሳል። በዚህ ላይ ቤተሰቡ ዝምታውን ሲጨምርበት ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ለሚደውሉ ልጆች ጥቂት ነገር። «ደህና ነሽ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከተወለድን ጀምሮ አንድ ነው። ይልቅ «ዛሬ ከቤት ወጣሽ? የት ድረስ? ማንን አገኘሽ?» በሉ። ምክር ጠይቁ፤ የልጃችሁን የትምህርት ቤት ጠብ፣ የጎረቤታችሁን ነገር፣ የቤት ኪራዩን ጭማሪ ንገሯቸው። ይቆጡ ይሆናል፤ በነጋታው መልሰው ይደውላሉ። እዚህ አብራችሁ የምትኖሩ ደግሞ ሰፌዱን መልሱላቸው። ምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር ቢቀር ማንም አይሞትም።

ሐኪም ቤት ስትወስዷቸውም ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የታዘዘውን፣ ጎረቤት «ለእኔ ረድቶኛል» ብላ የሰጠችውን፣ ከዳላስ በሰው የተላከውን ቫይታሚን፣ ከጓሮ የተቀጠፈውን ዳማ ከሴ ሳይቀር። አብረው ሲወሰዱ የማይስማሙ አሉ። ሐኪሙ ደግሞ «ምን ይሰማቸዋል?» ብሎ ወደ እናንተ ቢዞር፣ እናንተ ወደ እሳቸው ዙሩ። ከ1966ቱ አብዮት ጀምረው ሊተርኩለት ይችላሉ፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

(ሙዚቃ፦ ክራር፤ እየቀነሰ ይጠፋል።)