ነዋሪ የፀረ ቫይረስ ፕሮግራሞች በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ያስነሡት ግጭት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ቫይረስን እንዲከላከሉ የተሠሩት ፕሮግራሞች ስለ ምን ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋራ ይጋጩ እንደ ነበረ ነው። ነገሩ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ቢመስልም፥ ጠባቂው ራሱ የቤቱን ሥራ ሲያውክ የሚነሣውን ችግር በግልጽ ያሳያል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የመሣሪያው ሁኔታ

አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተሩን ያወጣው በነሐሴ ወር 1981 ነው። 8088 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መሥመሮች ብቻ ስለ ነበሩት፥ ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ ከ1,048,576 ባይት አያልፍም ነበር። ከዚህም የላይኛው 384 ኪሎ ባይት ለስክሪንና ለመሣሪያው ቋሚ ፕሮግራሞች ተለይቶ፥ ለዶስና ለተጠቃሚው የቀረው 640 ኪሎ ባይት ነው።

ዶስ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም እንዲያሠራ የታሰበ ነበር። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከፊል አካሉን በሜሞሪ ውስጥ ትቶ እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም «ነዋሪ» እንለዋለን። በ1984 የወጣው የቦርላንድ ሳይድኪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነዋሪው እንዴት ይነቃል? በሜሞሪው መጀመሪያ ላይ ባለው 1,024 ባይት ውስጥ፥ እያንዳንዳቸው 4 ባይት የሆኑ 256 አድራሻዎች ተጽፈዋል። ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ሲፈልግ፥ በአሥራ ስድስት መሠረት ሲጻፍ ቁጥሩ 21 የሆነውን አድራሻ ይጠራል። ነዋሪው ይህን አድራሻ አንሥቶ በምትኩ የራሱን ይጽፋል፤ የቀድሞውንም ለራሱ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ጥሪው ሁሉ አስቀድሞ በእርሱ በኩል ያልፋል። ሁለተኛ ነዋሪ ሲመጣም እንደዚሁ ስለሚያደርግ፥ ጥሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይሠራል።

፪. ቫይረሱና ጠባቂው በአንድ መንገድ

በ1987 በኢየሩሳሌም የተገኘው ቫይረስ በዚሁ ዘዴ በሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ፥ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ይበክል ነበር። ስለዚህ ጠባቂውም በዚያው በር ላይ መቆም ግድ ሆነበት። በ1993 ከኤም.ኤስ. ዶስ 6 ጋራ የወጣው ቪሴፍ ከነዚህ ጠባቂዎች አንዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ማን ጠባቂ፥ ማን ወራሪ እንደ ሆነ የሚለይበት ምንም መንገድ አልነበረውም።

፫. የግጭቱ ዐይነቶች

1ኛ፥ የቦታ ጥበት ነው። ቪሴፍ ብቻውን ከዚህ ሜሞሪ ከፊሉን ይወስድ ነበር። የማውስና የኔትዎርክ ፕሮግራም ሲጨመርበት፥ ትልቅ ፕሮግራም ቦታ አጥቶ አልነሣም ይላል።

2ኛ፥ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አስቀድሞ የገባው ነዋሪ ኋላ ከገባው በፊት ከሜሞሪ ቢወጣ፥ ኋለኛው የያዘው አድራሻ ባለቤት የሌለው ቦታ ይሆናል። በቦታው ሌላ ነገር ሲጻፍበት የሚቀጥለው ጥሪ ገደል ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ይቆማል፤ ያልተቀመጠውም ጽሑፍ ይጠፋል።

3ኛ፥ ዶስ አንዱን ጥያቄ ሳይጨርስ ሌላውን ለመቀበል የተሠራ አይደለም። ጠባቂው ይህን ሳይጠነቀቅ በመካከል ፋይል ላንብብ ቢል የዶስን ሥራ ያበላሻል።

4ኛ፥ ጠባቂው የሚፈርደው ድርጊትን አይቶ ነው። ዲስክ ፎርማት ማድረግ፥ የመነሻውን ሴክተር መለወጥ፥ በፕሮግራም ፋይል ላይ መጻፍ የቫይረስ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ዲስክ የሚጠግኑ ፕሮግራሞችና ምርጫቸውን በራሳቸው ፋይል ውስጥ የሚያኖሩ ፕሮግራሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

5ኛ፥ ሁለት ጠባቂዎች ሲገናኙ ነው። አንዱ ለመለያ የያዘውን የቫይረስ ምልክት ሳይሸሽግ በሜሞሪ ትቶት እንደ ሆነ፥ ሌላው ያንን አይቶ «ቫይረስ አለ» ብሎ ይጮኻል።

፬. መፍትሔውና ዋጋው

በደለኛውን ለማግኘት የተሻለው ዘዴ፥ ኮምፒውተሩን ያለ ነዋሪ ፕሮግራም ማስነሣትና አንድ በአንድ እየጨመሩ መፈተን ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ጠባቂው ይነሣና ሥራው ይቀጥላል። ተጠቃሚው ከሥራውና ከደኅንነቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ ማለት ነው። ነዋሪውን ትቶ የሚገባውን ዲስኬት ሁሉ አስቀድሞ መመርመር ሌላ አማራጭ ነበር፤ ይህ ግን በሰው ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ቀን የተዘነጋ ዲስኬት ለመበከል ይበቃል።

እንግዲህ ጥፋቱ የፕሮግራም ሠሪዎች ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፤ በነዋሪዎቹ መካከል የሚዳኝ ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው። እንደ ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ያሉት ሥርዓቶች ከ1993 ጀምሮ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሜሞሪ ለይተው ስለ ጠበቁ ከላይ ያየናቸው ችግሮች ብዙዎቹ ቀርተዋል። ሆኖም ጠባቂው ከሁሉ በፊት ለማየት ሲል ወደ ሥርዓቱ እምብርት መግባቱን አልተወም። በሐምሌ ወር 2024 የክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን አቁሟል። ስለዚህ የጠባቂ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ይሁን የሚለው ጥያቄ በ640 ኪሎ ባይት ዘመን አላበቃም፤ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው እንላለን።